ፍርዱ የት ነው ያለው?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ቁጠባ አንናገርም። የምንናገረው ፍርድ ቤት ስለተቀመጠው ወረቀታችን ነው። እኛ በሒሳብ ክፍል የምንሠራ ሰዎች ደረሰኝ የሌለው ወጪ አንመዘግብም፤ ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ትቀየሙናላችሁ። የብድር ማመልከቻ ስንመረምር ግን ከደረሰኝ የከበደ ነገር እያጋጠመን ነው። «ቤት አለኝ» የምትል አባል ካርታው በሟች ባለቤቷ ስም ነው። «ተፋትቻለሁ» የምትል አባል የፍቺ ውሳኔው በእጇ የለም። «ለልጆቼ ቀለብ ተፈርዶልኛል» የምትል እናት ፍርዱ ሲነበብ ሰማች እንጂ በወረቀት አልያዘችውም። ፍርዱ አልጠፋም፣ አለ። መዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

አንዲት አባላችን ታሪኳን እንድንነግራችሁ ፈቅዳልናለች፤ ስሟን ግን አንጠራም። በ1999 ዓ.ም. ከባሏ ስትፋታ ፍርድ ቤት ቤቱ እኩል እንዲካፈል ወሰነ። እሷ ከልጆቿ ጋር እዚያው ቤት ቀረች፤ እሱ ሌላ ትዳር ይዞ ወጣ። ጠብ ስላልነበረ ግልባጭ አላወጣችም፣ ካርታውም በእሱ ስም እንዳለ ቆየ። ሰውዬው ሲሞት የኋለኛው ትዳር ልጆች የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው መጡ። «ግማሹ የእኔ ነው፤ ፍርድ ቤት ወስኖልኛል» አለቻቸው። «ወረቀቱን አምጪ» አሏት።

ከማኅበራችን ሁለት ሰዎች አብረናት ሄድን። መዝገብ ቤት የመጀመሪያው ጥያቄ የመዝገብ ቁጥር ነው። እሷ የምታስታውሰው ክረምት እንደነበረና ዳኛው መነጽር ያደረጉ እንደነበሩ ነው። በዚህ መዝገብ አይገኝም። መዝገብ ቤት የሚሠራው በቁጥርና በዓመት፣ ቀጥሎም በከሳሽና በተከሳሽ ስም ነው። ስሙም ሰፈር የሚጠራን ስም አይደለም። እሷን ሁላችንም በቤት ስሟ ነው የምናውቃት፤ ክሱ ላይ ያለው የመታወቂያ ስሟ ነው። በሦስተኛው ቀን ቤቷን ስታገላብጥ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አንድ የድሮ መጥሪያ አገኘች። ቁጥሩ ከላይ በቀኝ በኩል ተጽፏል። ከዚያ በኋላ መዝገቡ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወጣ።

አሁን ግልባጩን ይዛ በወራሾቹ ክርክር ጣልቃ ገብታለች። ነገሩ ግን አላለቀም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ፍርድ ይፈጸምልኝ የሚል ማመልከቻ ፍርዱ በተሰጠ በ10 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል፤ ተከራካሪዎቿም ይህንኑ አንስተዋል። እሷ ደግሞ ከቤቱ ወጥቼ አላውቅም፣ ድርሻዬ በእጄ ነው ትላለች። ቀጠሮው ገና ነው። በ1999 ዓ.ም. ግልባጩን ይዛ ካርታው ላይ ስሟን አስገብታ ቢሆን ኖሮ ይህ ክርክር አይነሳም ነበር።

የ10 ዓመቱን ነገር ቀለብ የተፈረደላችሁ እናቶች ልብ በሉት። በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ ከሆነ ጊዜው የሚቆጠረው ክፍያው ከተቋረጠበት ቀን ነው። ይግባኝ የምታስቡ ደግሞ ከዚህ በጣም ያጠረ ጊዜ ነው ያላችሁ፤ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን አንስቶ 60 ቀን። ይግባኙ ያለ ፍርዱ ግልባጭ ስለማይቀርብ፣ ውሳኔ በተነበበ በዚያው ቀን ግልባጭ ይሰጠኝ ብሎ ማመልከት ነው።

ወደ ፍለጋው እንመለስ። መዝገቡ የሚገኘው ጉዳዩን ባየው ፍርድ ቤት ነው። በኦሮሚያ የወረዳ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ። ይግባኝ የተባለበት ጉዳይ በላይኛው ፍርድ ቤት ሌላ ቁጥር ያለው ሌላ መዝገብ አለው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ጠይቁ። እዚህ አዳማ ደግሞ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ከተማዋ ሌላ፣ በዙሪያዋ ያለው የገጠሩ አዳማ ወረዳ ሌላ ነው፤ የወረዳው ቢሮዎች ግን ከተማው ውስጥ ናቸው። ከወንጂ አካባቢና ከዙሪያ ቀበሌዎች የመጣችሁ እኅቶች «አዳማ ነው የተፈረደልኝ» ስትሉ የትኛው እንደሆነ አጣሩ።

የቆየ ጉዳይ ከሆነ የቦታ ስሞችም ተለውጠዋል። በቀድሞው ወረቀት ላይ አዳማ «ናዝሬት»፣ ቢሾፍቱ «ደብረ ዘይት»፣ ባቱ «ዝዋይ» ናቸው። በአውራጃው ዘመን ናዝሬት በሸዋ ክፍለ ሀገር የይረርና ከረዩ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዝዋይ ደግሞ በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ነበረች። አውራጃው ሲፈርስ የፍርድ ቤቱ መዛግብት የት እንደተዛወሩ የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ የቆዩት የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ናቸው። በትሕትና ጠይቋቸው። እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲጮኽባቸው የሚውሉ ናቸው፤ አንድ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዙ በር ይከፍታል።

ፍርድ ቤት ያልፈረደውም አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን ያዩ የነበሩት የቤተ ዘመድ ሽምግልና ዳኞች ናቸው። ኦሮሚያ የራሱን የቤተሰብ ሕግ ያወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተፋቱ እናቶቻችን በእጃቸው ያለው ሽማግሌዎች የፈረሙበት አንድ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ያንን ወረቀት እንዳትጥሉት፤ ፍርድ ቤት አጽድቆትም ከሆነ የጸደቀበት መዝገብ አለ። ሙስሊም እኅቶቻችን ደግሞ ሁለቱም ወገን ፈቅደው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ከተዳኙ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ የራሱ መዝገብ ቤት ስላለው መጠየቅ ያለበት እዚያ ነው።

አጠያየቁ ከባድ አይደለም። ማመልከቻው አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ የተከራካሪዎቹ ስም እስከ አያት፣ የመዝገብ ቁጥር ካለ ቁጥሩ፣ ከሌለ ዓመቱና የጉዳዩ ዓይነት፣ ከዚያም «የውሳኔው ትክክለኛ ግልባጭ ይሰጠኝ» የሚል ቃል። ፍርድ ቤት ደጃፍ የተቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዳንዴ ሦስት ገጽ ይጽፉና በገጽ ያስከፍላሉ፤ ለዚህ ጉዳይ ሦስት ገጽ አያስፈልግም። መታወቂያ ያዙ። መሄድ የማትችል አባል በሕግ የተረጋገጠ ውክልና ትስጥ፤ እኅት ነኝ፣ ልጅ ነኝ ማለት ብቻውን አይበቃም። ክፍያ ካለ በደረሰኝ ይሁን። ደረሰኝ የማይቆረጥለት ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ለኮሚቴያችን ንገሩን።

ግልባጩ ሲሰጣችሁ ከመውጣታችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ እዩት። ገጾቹ ሙሉ ናቸው? ማኅተሙ በየገጹ አለ? ስማችሁ በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ተጽፏል? በተለይ ስሙ! «ዘነበች» እና «ዘነቡ» ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለባንክና ለጡረታ መሥሪያ ቤት ግን ሁለት ሰው ናቸው። ስሕተት ካለ ማስተካከል የሚቀለው ያኔ ነው።

ቋንቋውም ሌላ ጉዳይ ነው። የክልላችን ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ የቅርብ ጊዜ ውሳኔዎች በአፋን ኦሮሞ ናቸው። የቆዩት በአማርኛ ናቸው። አፋን ኦሮሞ የማታነቡ እኅቶች ሦስት ቃል ብትይዙ ይጠቅማችኋል፤ ፍርድ ቤት «መነ ሙርቲ»፣ የመዝገብ ቁጥር «ለኮፍሰ ገልሜ»፣ ግልባጭ «ገረገልቸ» ይባላል። ውሳኔውን አዲስ አበባ ላለ መሥሪያ ቤት የምታቀርቡ ከሆነ ትርጉም ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ለትርጉም ፎቶኮፒውን እንጂ ዋናውን ግልባጭ አትስጡ።

ውጭ አገር ልጆች ያሏችሁ እናቶችም ብዙ ናችሁ። አሜሪካ ያለች ልጅ እናቷን ለማስመጣት ስትሞክር «የእማዬን የፍቺ ወረቀት ላኩልኝ» ትላለች። እሷ ባለችበት አገር የፍርድ ቤት መዝገብ በየካውንቲው ጽሕፈት ቤት ይገኛል፣ በብዙ ቦታም በኮምፒዩተር ይታያል፤ ስለዚህ እኛም ጋ የአንድ ቀን ሥራ ይመስላታል። አትቆጧት፣ ግን ጊዜ እንደሚወስድ ንገሯት። ግልባጩ ይወጣል፣ ይተረጎማል፣ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰነድ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫ ሊጠየቅበት ይችላል። ቀጠሮው ከደረሰ በኋላ ከተጀመረ አይደርስም።

ነገሩ ከመዝገብ ፍለጋ አልፎ ክርክር ከሆነ የሕግ ሰው ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ በመስጠት ብዙ ዓመት የሠራ ነው። ለዳኝነት የሚከፍሉት የሌላቸውም በድኃ ደንብ እንዲከሱ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ድህነታቸውን የሚያስረዳ ማስረጃ ግን ይጠየቃሉ።

ለምታግዙን ወዳጆቻችን አንድ ቃል። የብድር ገንዘብ ስትሰጡን ቁጥሩ በሪፖርት ላይ ያምራል። የፎቶኮፒ፣ የትርጉምና ከመቂ ወይም ከባቱ አዳማ ደርሶ መመለሻ የትራንስፖርት ወጪ በሪፖርት ላይ አያምርም፤ ትንሽና የተበታተነ ነው። ነገር ግን ካርታው በስሟ የሆነ ሴት ብድር ስትጠይቅ የምታስይዘው ነገር አላት። ለዚህ የሚሆን አንድ አነስተኛ የወጪ መደብ እንዲፈቀድልን ጠይቀናል፤ እያንዳንዷን ሳንቲም በደረሰኝ እናወራርዳለን።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ቤታችሁ ያለውን መጥሪያ፣ የቀጠሮ ወረቀት፣ የሽማግሌ ፊርማ፣ ምንም ይሁን ምን ይዛችሁ ኑ። የተቀደደም ቢሆን ይምጣ። ቁጥሩን በማኅበሩ መዝገብ ላይ እንጽፋለን፣ ፎቶኮፒ አንስተን ዋናውን እዚያው እንመልስላችኋለን። ማንበብ የማትችሉ እናቶች ወረቀቱ ምን እንደሆነ ባታውቁም አምጡት፤ አብረን እናነበዋለን።