ምስክሩም ይመርመር
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር



ዛሬ የምናቀርበው አጭር ንግግር በዓይን ስለማይታይ አንድ ነገርና በላቦራቶሪ ስለ እርሱ ስለሚመሰክር ምስክር ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞርፊን ብርቱ ሕመምን እንደሚያስታግስ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ነገር ግን በሰውነት ውስጥ የት ላይ እንደሚሠራ ለረዥም ጊዜ በግምት ብቻ ይነገር ነበር። በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ በባልቲሞርና በኒው ዮርክ፥ በስዊድንም በኡፕሳላ የሚሠሩ ሊቃውንት በአንጎል ውስጥ እንዲህ ያለውን መድኃኒት የሚቀበል ልዩ ስፍራ መኖሩን በየበኩላቸው አስረዱ። ይህም የኦፒዮይድ ተቀባይ ተባለ። መድኃኒቱ እንደ ቁልፍ፥ ተቀባዩም እንደ ጓጉንቸር ነው። በ1975 ዓ.ም. ደግሞ በስኮትላንድ በአበርዲን ጆን ሂውዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ቁልፍ አገኙ፤ ስሙንም ኤንኬፋሊን አሉት።

ከተቀባዮቹ መካከል ሞርፊን በዋናነት የሚሠራው ሙ በተባለ የግሪክ ፊደል በተሰየመው ላይ ነው። ሕመም የሚታገሠው በእርሱ ነው፤ ሱስ የሚይዘውም፥ መድኃኒቱ ከመጠን ሲያልፍ ትንፋሽ የሚቆመውም በእርሱ ነው። ስለዚህ በየትኛው ሕዋስ ላይ እንዳለና እንደሌለ ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን ለማወቅ አንዱ መንገድ አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ማለት ሰውነት የገባበትን ባዕድ ነገር ለይቶ የሚይዝበት ፕሮቲን ነው። ሊቃውንቱ የተቀባዩን አንዲት ቁራጭ ሠርተው ለጥንቸል በመርፌ ይሰጣሉ። የጥንቸሏ ሰውነት ያችን ቁራጭ የሚይዝ አንቲቦዲ ያበጃል፤ እርሱም ከደሟ ተጣርቶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በስሱ በተቆረጠ አንጎል ላይ ያፈስሱታል። ያልያዘው ታጥቦ ይወገዳል፤ የያዘው ግን የሚያበራ ቀለም በተሸከመ ሁለተኛ አንቲቦዲ አማካይነት በማይክሮስኮፕ ይታያል። ያበራው ስፍራ «ተቀባዩ እዚህ አለ» ብሎ መሰከረ ማለት ነው።

ነገር ግን ምስክር ሁሉ እውነተኛ አይደለም። ተቀባዩ በብዛት የማይገኝ ነው፤ ዴልታና ካፓ የሚባሉ የሚመስሉት ወንድሞችም አሉት። አንቲቦዲው እርሱን ትቶ ሌላ ፕሮቲን ቢይዝ ቀለሙ ያው ያበራል። በጥንቱ የአገራችን ሙግት «ተጠየቅ» እየተባለ ነገሩ ይመረመር እንደነበረ፥ ይህም ምስክር መጠየቅ አለበት።

በ1996 ዓ.ም. በፈረንሳይ በስትራስቡርግ ፕሮፌሰር ብሪጂት ኪፈርና ባልደረቦቻቸው ሙ ተቀባይ የሌላቸው አይጦች አስገኙ። ሞርፊን የእነዚህን አይጦች ሕመም አላስታገሠም። እንግዲህ የእነዚህ አይጦች አንጎል ለምስክሩ መፈተኛ ሆነ። አንቲቦዲው በተራው አይጥ አንጎል ላይ አብርቶ በዚህኛው ላይ ከጨለመ ይታመናል። በሁለቱም ላይ እኩል ካበራ ግን ያላየውን አየሁ ብሏልና ቃሉ ውድቅ ነው። ለሽያጭ ከቀረቡትም መካከል በዚህ ፈተና የወደቁ አሉ።

አንቲቦዲው አስቀድሞ ከተሠራባት ቁራጭ ጋር ተቀላቅሎ ብርሃኑ ቢጠፋ ይበቃል የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ግን አይበቃም እንላለን፤ ሐሰተኛ ምስክርም አፉ ከተያዘ ዝም ይላልና።

በክፍላችን የድንች ስታርች በአዮዲን ሲጠቁር ስናይ፥ መምህራችን ንጹሕ ውሃ ያለበትን ሁለተኛ ብልቃጥ በጎኑ ያስቀምጡ የነበረው ለዚሁ ምክንያት ነው።

ውድ ጓደኞቻችን! ነገ ከመካከላችን ሐኪም፥ ነርስ፥ ተመራማሪም የሚሆን ይኖራል። በላቦራቶሪ የተነገረ የሐሰት ምስክርነት እዚያው አይቀርም፤ የመድኃኒት ፈላጊዎችን ድካምና ዓመታት ይበላል፥ በሕመም የሚሠቃየውንም ሰው ተስፋ ያዘገያል። ስለዚህ ያማረ ሥዕል ሲያሳዩን አድንቀን ብቻ አንለፍ፤ «ተቀባዩ በሌለበትስ ምን አሳየ?» ብለን እንጠይቅ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሚጠራው ግን የሚጠይቅ ሲኖር ነው።