እኛን ከየትኛው ክበብ ቆጠሩን?

ስለ እንግሊዝኛ እንድናገር ስጋበዝ በየትኛው ቋንቋ እንደምናገር መጨነቄን አልደብቃችሁም። በአማርኛ ይሁን ተባለ፤ አፋን ኦሮሞውን ሻይ ላይ እንጫወተዋለን።

እንግሊዝኛ ተናጋሪው አንድ ቢሊዮን ተኩል ገደማ ነው ሲባል ሰምታችኋል። ብሪታንያዊው ዴቪድ ክሪስታል እዚህ ግምት የደረሱት ቋንቋውን በመጠኑም ቢሆን የሚችለውን ሁሉ ደምረው ነው። ሕንዳዊው ብራጅ ካችሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 ዓለምን በሦስት ክበብ ከፈሉ፦ በውስጠኛው አፍ የፈቱበት፣ በሁለተኛው እንደ ሕንድና ናይጄሪያ በቅኝ ግዛት የደረሳቸው፣ በሦስተኛው እንደ ባዕድ ቋንቋ የሚማሩት። በዚህ መለኪያ እኛ ሦስተኛው ውስጥ ነን። ቅኝ አልተገዛንማ! ግን እኮ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ነው። ታዲያ ባዕድነቱ የቱ ጋ ነው?

ከታች እንጀምር። የምዕራብ ሸዋ ልጅ መጀመሪያ የሚያነበው በቁቤ ነው። ፊደሉ ላቲን ነው፣ ድምፁ ግን ሌላ፤ ሲ የምትባለው «ጭ»፣ ኤክስ የምትባለው «ጥ» ናት። ስለዚህ የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ሲከፍት የድመቷን ስም «ጨት»፣ የሣጥኑን «ቦጥ» ብሎ ያነባል። እንስቃለን። ልጁ ግን የተማረውን ነው ያነበበው።

እኔ ማስተማር የጀመርኩት ፕላዝማ በገባበት ሰሞን፣ በ1990ዎቹ ማብቂያ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም ተዉት። በሳተላይት የሚመጣው አስተማሪ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ያልፋል፤ የልጆቼ እጅ እንደተነሣ ይቀራል። አንድ ጸጥተኛ ተማሪ ነበረኝ። በእረፍት ሰዓት ሰሌዳው ላይ ልብን ሥሎ፣ ደም በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ለጓደኞቹ በኦሮምኛ ሲያስረዳ በመስኮት አየሁት። ከእኔ ይሻላል፣ እውነቴን ነው። በፈተናው ዕለት ያው ጥያቄ በእንግሊዝኛ መጣ። ባዶ ወረቀት አስረከበኝ።

ዜሮ ሰጠሁት። ደንቡ ነው አልኩ። በሚቀጥለው ዓመት ሲመዘገብ አላየሁትም።

በአማርኛ ሰው ቋንቋ «ይሰማል» እንላለን፣ «ይናገራል» እንላለን፤ ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ያ ልጅ ጥቂት ይሰማ ነበር፣ አይናገርም። ከቢሊዮን ተኩሉ ውስጥ ይኖርበት ይሆን? እንግሊዝኛ ዓለምን አዳረሰ ስንል እሱንም ደረሰው ማለታችን ነው?

ከምሳ በኋላ ባለው ውይይት አንድ ነገር ይዤ እገባለሁ፦ ተማሪ የባዮሎጂውን መልስ በሚናገረው ቋንቋ፣ በቃል ቢሰጠን ስንት ማርክ እናስብለታለን? የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል መምህራን እንዳትቀሩብኝ፤ የምከራከረው ከእናንተ ጋር ነው።