የጎማው ጥቁር ብናኝ ምን ይነግረናል?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በሰፈሩ ሹፌሮችና መካኒኮች ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ትንሽ ስለሚመስል ነገር ነው። እንደሚታወቀው በየምሽቱ ከሰፈራችን ዳር ተሳቢ ያላቸው የጭነት መኪናዎች ይቆማሉ። ገሚሱ ከጂቡቲ መስመር፣ ገሚሱ ከጎጃም የሚመጣ ነው። ጠዋት ልጆቻችን ባልዲና ጨርቅ ይዘው ይወጡና ቸርኬው እስኪያበራ ያጥባሉ። የሚያገኙትም ሳንቲም ለደብተር ይሆናቸዋል። ሥራ ክቡር ነውና በዚህ አንቀየምም። ነገር ግን ከቸርኬው ላይ የሚጠርጉት ጥቁር ብናኝ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ስለ መኪናው ጤንነት ይናገራል። ሁለተኛ፣ ለሳንባ ጠላት ነው።

ለመሆኑ ብናኙ ከየት ይመጣል? ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ በታምቡሩ ውስጥ ያለው ሸራ ተከፍቶ ከሚሽከረከረው ብረት ጋር ይፋተጋል። መኪናውን የሚይዘው ይህ ፍትጊያ ነው። ከፍትጊያው ሙቀት ይወለዳል፤ ሸራውም ብረቱም በጥቂት በጥቂቱ እየተፋቀ ይበናል። ስለዚህ ጥቂት ብናኝ ማየት ክፉ አይደለም፤ ፍሬኑ መሥራቱን ያመለክታል። መጠየቅ ያለበት፣ በየትኛው ጎማ ላይ ምን ያህል አለ? የሚለው ነው።

እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። መኪናው ከነተሳቢውና ከነጭነቱ 400 ኩንታል፣ ማለትም 40 ቶን ይመዝን እንበል። ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። 1,000 ሜትሩን ብቻ ብንይዝ፣ የዚያ ክብደት ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ በባለ 200 ሊትሩ በርሜል ከ5 በርሜል በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ኧረ ይህን ሁሉ እሳት ማን ይሸከመዋል? ማርሹ ዝቅ ካለ ከፊሉን ሞተሩ ይይዛል፤ ጥቂቱን ነፋስ ይወስዳል፤ የቀረው በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል።

ተሳቢው የራሱ ፍሬን አለው። ከዋናው መኪና በሁለት ቱቦ ንፋስ ይመጣለታል፤ አንደኛው ንፋሱን ይመግበዋል፣ ሁለተኛው የሹፌሩን እግር ትእዛዝ ያደርስለታል። የትእዛዙ ቱቦ በዝግታ ካፈሰሰ፣ ወይም የተሳቢው ሸራ አልቆ ከታምቡሩ ከራቀ፣ ተሳቢው መያዙን ትቶ ከኋላ ይገፋል። ያን ጊዜ ዋናው መኪና የሁለት ሸክም ይሸከማል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ሹፌሩ ይረግጣል፣ መኪናው ግን ይሄዳል። አንዳንድ ጊዜ «ፍሬን በጠሰ» የምንለው ይህንኑ ነው። የተበጠሰ ነገር የለም፤ ፍሬኑ ግሎ ነው።

ከመካከላችን አንዱ የደረሰበትን እናውጋችሁ። አንድ ቅዳሜ ልጆች መኪናውን ሊያጥቡ ሲሉ ረዳቱ፣ «ጋሼ፣ የእኛ የኋላ ጎማዎች ከሰል መስለዋል፤ የተሳቢው ግን ንጹሕ ነው» አለው። እርሱም፣ «እንኳን ንጹሕ ሆነ፣ ውሃ አተረፍን» ብሎ አለፈው። ታጥቦ እንደ ሙሽራ አማረ። ሰኞ ሲሚንቶ ጭኖ ዓባይ በረሃን ሲወርድ፣ መንገዱን ሳያጋምስ የሚነድ ነገር ሸተተው። ፍሬኑን ቢረግጥ መያዙ ላልቷል። ደግነቱ በዝቅተኛ ማርሽ ላይ ስለነበረ፣ እንደ ምንም ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቶ አቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ታኮ አደረገ። የዋናው መኪና ታምቡር ይጨሳል፤ የተሳቢው ቀዝቃዛ ነው። ብናኙ ቅዳሜ ዕለት ነግሮት ነበር፤ እኛ ግን አጠብነው። ይህን የምናወጋው እርሱ ፈቅዶልን ነው፤ ዛሬም እዚሁ አብሮን ተቀምጧል። ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም ያደረግነው ነው።

እንግዲህ ምልክቶቹን በአጭሩ እንዘርዝር።

የዋናው መኪና ጎማዎች በጣም ጠቁረው የተሳቢው ንጹሕ ከሆኑ፣ ተሳቢው ድርሻውን እየያዘ ላይሆን ይችላል። ቱቦውና የፍሬኑ ርቀት ይታይ።

አንድ ጎማ ብቻ ከጓደኞቹ ተለይቶ ከጠቆረና ከጋለ፣ ፍሬኑ ሳይረገጥም እየያዘ ሊሆን ይችላል። ሙቀቱን ለማወቅ መዳፍን ማስጠጋት ይበቃል፤ መንካት ያቃጥላል።

ግራው ጠቁሮ ቀኙ ንጹሕ ከሆነ፣ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሊጎትት ይችላል።

ብናኙ እርጥብ ሆኖ ግራሶ የሚሸት ከሆነ፣ ግራሶ ወደ ሸራው እየፈሰሰ ነው። ይህ ለነገ አይባልም።

ሸራ ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ግን የአንዱን መኪና ብናኝ ከጎረቤቱ ጋር አናስተያይ። መኪናውን ከራሱ ከባለፈው ሳምንት ጋር እናስተያየው።

አሁን ወደ ልጆቻችን እንመለስ። የቀድሞ የፍሬን ሸራዎች ብዙዎቹ አስቤስቶስ ነበረባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም የአስቤስቶስ ዓይነት ካንሰር እንደሚያመጣ አስታውቋል። በሽታው የሚገለጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ ዛሬ የተነፈሰው ልጅ የሚታመመው አባት ሆኖ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ አስቤስቶስን ከልክለዋል። በእኛ መኪና ላይ ያለው ሸራ ከምን እንደተሠራ በዓይን አይለይም። አስቤስቶስ ባይኖርበትም የደቀቀ የብረት ብናኝ ለሳንባ አይበጅም። እናቶችም ልብ በሉ፤ የሹፌርና የመካኒክ ቱታ ቤት ውስጥ አይራገፍ፣ ከሕፃናት ልብስ ጋርም አይታጠብ።

በመሆኑም የሚከተለውን እንዲስማሙበት ለነዋሪዎች እናቀርባለን።

1ኛ/ ሹፌር ወይም ረዳት ጎማዎቹን ዞሮ ሳያይ ማንም አይጠባቸው።

2ኛ/ ልጆች ጎማና ቸርኬ አይጠቡ፤ መስታወቱንና አካሉን ይጠቡ። የሚከፈላቸው ግን አይቀነስ። ይህን እኛ ሹፌሮች ቃል እንገባለን።

3ኛ/ ብናኝ በኮምፕረሰር ንፋስ አይነፋ፣ በደረቅ ቡርሽም አይጠረግ። በውሃ ረጥቦ በእርጥብ ጨርቅ ይነሣ። አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን ብቻውን አይበቃም፤ ዋናው እንዳይቦን ማድረግ ነው።

4ኛ/ ከቁልቁለት የመጣ መኪና ሳይቀዘቅዝ አይታጠብ። በጋለ ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

5ኛ/ ረዳት ያየውን ሲናገር ሹፌር ይስማ። «አንተ ምን ታውቃለህ» ማለት ይቅር።

ወገኖቻችን፣ አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ከእያንዳንዱ ተሳቢ ፊት መሪ የጨበጠው የአንዳችን አባት፣ ወንድም ወይም ልጅ ነው። በቁልቁለቱ ግርጌም የሌላ ሰው ቤተሰብ መንገድ ይሻገራል። ጎማውን ዞሮ ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃል።