የመጀመሪያው ቀን ደወል



መስከረም ጠብቷል፤ ትምህርት ቤቶችም በራቸውን ከፍተዋል። ግን በብዙ ቤት «መስቀል ይለፍ እንጂ፤ እስከዚያ ምን ይማራሉ?» ይባላል። መስቀል መስከረም 17 ነው። አገር ቤት የሄደው እስኪመለስ ደግሞ ሌላ ሳምንት ያልፋል።

አንድ ዓመት፣ ታናሽ ወንድሜን በመክፈቻው ዕለት ያደረስኩት እኔ ነበርኩ። ዴስኮቹ የክረምቱን አቧራ እንደለበሱ ጥግ ላይ ተደራርበዋል። ዘጠኝ ልጆች አዲስ ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመዋል። መምህሩ ብቅ አሉና «ተማሪው ገና አልተሟላም፤ ሰኞ ኑ» ብለው መለሷቸው። ማታ ሰፈሩ በሙሉ «ትምህርት አልተጀመረም» ሲል ሰማሁ። ወሬውን ያደረሱት እነዚያው ዘጠኝ ልጆች ነበሩ።

ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ወላጅ ላይ መጫን ልክ አይመስለኝም። መምህራን፣ እባካችሁ ዘጠኝም ቢመጡ አስተምሩ! ያን ቀን አንድ ገጽ የጻፈ ልጅ ማታ ለእናቱ የሚያሳየው ነገር አለው፤ የጎረቤት ልጅም አይቶ ይቀናል። ምገባ ባለበት ትምህርት ቤትም ምሳው ከመጀመሪያው ቀን ይቅረብ።

የገጠሩ ልጅ ነገር ይለያል። ሰብሉ ሲደርስ ወፍ የሚጠብቀው፣ ከብት የሚያግደው እሱ ነው። እዚያ ማስታወቂያ መለጠፍ አይበቃም፤ ርዕሰ መምህሩ ከአባትየው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር አለበት።

እናንተም ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ደብተሩን ለብዱላቸው። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ደወል ይደወላል።