ስለ ነፍሰ ጡርና ስለ አንጎል ዕጢ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጊዜ የተደረገ ንግግር)



የአንጎል ዕጢ ያለባት ሴት ማርገዟ፥ ወይም ዕጢው በእርግዝናዋ ጊዜ መታወቁ፥ ዘወትር የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ብርቅ ነው ተብሎ ሲታለፍ የዐይን ብርሃን፥ ከዚያም አልፎ ሁለት ነፍስ ሊጠፋ ስለሚችል፥ ሐኪም የሚሆነውም የማይሆነውም ሊያውቀው ይገባል እንላለን።

በመጀመሪያ፥ እርግዝና በዕጢው ላይ ምን ያደርጋል? መልሱ እንደ ዕጢው ዐይነት ይለያያል። ሐርቪ ኩሺንግ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1922 (እ.ኤ.አ.) ሜኒንጂዮማ ብሎ የሰየመው፥ ከአንጎል ሽፋን የሚበቅለው ዕጢ፥ አብዛኛውን ጊዜ ነቀርሳ አይደለም፤ የሚያድገውም በዝግታ ነው። ዳሩ ግን ብዙው ፕሮጄስተሮን ለተባለው ሆርሞን መቀበያ ስላለው፥ በእርግዝና ጊዜ ሊያብጥ፥ ከወሊድ በኋላም መልሶ ሊሟሽሽ ይችላል። ከዐይን ጅማቶች ሥር የምትገኘው፥ ሽምብራ የምታህለው ፒቱታሪ ደግሞ በጤነኛ ነፍሰ ጡርም ትወፍራለች። በርስዋ ላይ የበቀለው ፕሮላክቲን አመንጪ ዕጢ ከ10 ሚሊሜትር ካነሰ ብዙውን ጊዜ ያለችግር ያልፋል፤ ከዚያ ከበለጠ ግን የዐይን ጅማትን የመጫኑ ሥጋት ስለሚጨምር፥ የሴትየዋ እይታ በየጊዜው መመርመር አለበት። ከራሱ ከአንጎል ሥጋ የሚወጣው ግሊዮማም በእርግዝና ጊዜ ዕድገቱ ሊፈጥን እንደሚችል ታይቷል።

ሁለተኛው የምልክቱ ነገር ነው። ራስ ምታትና ማስመለስ ከዕጢም ከእርግዝናም ይመጣሉ። ስለዚህ ጎረቤት «የጽንስ ነው፤ ያልፋል» ይላል። ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ጋኔን ነው ተብሎ ወደ ጠበል ትወሰዳለች። ጠበሉን አንነቅፍም፤ ሐኪም ቤቱን ግን አያስቀርባት። ሐኪምም መንቀጥቀጥ ባየ ጊዜ አስቀድሞ የእርግዝና ደም ግፊትን ማሰቡ ትክክል ነው፤ ግፊቱ ደኅና ሆኖ ሲገኝ ግን ምርመራውን እዚያ ላይ ማቆም የለበትም። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፥ ወራቱ ገፍቶም ያልተወ ማስመለስ፥ የዐይን ብዥታ፥ የአንድ ወገን እጅና እግር መድከም፥ እነዚህ ሁሉ ቀጠሮ የሚሰጣቸው ነገሮች አይደሉም።

ሦስተኛው ሕክምናው ነው። ኤም.አር.አይ. የሚሠራው በማግኔት እንጂ በጨረር ስላልሆነ፥ ጋዶሊኒየም የተባለው መድኃኒት ሳይወጋ ለነፍሰ ጡር ሊደረግ ይችላል። ዕጢው ካላስቸኮለ ቀዶ ጥገናው እስከ ወሊድ ይቆያል፤ ካስቸኮለ ግን በእርግዝናው መካከልም ይደረጋል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮየት የጽንሱን አካልና አእምሮ ሊጎዳ ስለሚችል፥ ሴትየዋ ከማርገዟ በፊት ሐኪሟ እንዲለውጥላት መማከር አለባት፤ መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዷ በድንገት ማቋረጧ ግን የባሰ አደጋ ነው።

ለአገራችን ሴቶች የተለየ ማሳሰቢያ አለን። በኢትዮጵያ በብዛት የሚወሰደው የወሊድ መከላከያ መርፌ ነው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የፈረንሳይ ጥናት፥ ሜድሮክሲፕሮጄስተሮን የተባለውን መርፌ ከአንድ ዓመት በላይ በወሰዱ ሴቶች ዘንድ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ሜኒንጂዮማ ከ5 እጥፍ በላይ ተደጋግሞ እንደተገኘ አስታውቋል። በሽታው ከመነሻው ጥቂት ስለሆነ ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ሜኒንጂዮማ እንዳለባት የታወቀች ሴት ግን ሌላ ዐይነት መከላከያ ትጠይቅ።

በመጨረሻ፥ ማርገዝም ሆነ እርግዝናውን መቀጠል የማን ውሳኔ ነው? ባል፥ አማትና ዘመድ ተሰብስበው ሲመክሩ፥ ታማሚዋ ግን የዕጢዋን ስም እንኳ ሳትሰማ ትቀራለች። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤንነት አደጋ ላይ ሲወድቅ ጽንሱን በሕክምና ማቋረጥን ይፈቅዳል። ሕጉ መንገዱን ቢከፍትም፥ ልትሄድበት ወይም ልትተወው የምትችለው እውነቱ ሲነገራት ብቻ ነው። ብዙ ሴቶች ከዕጢ ጋር ጤነኛ ልጅ ወልደዋልና፥ እውነቱን መንገር ተስፋ ማስቆረጥ አይደለም። ነገ ሐኪም የምትሆኑ ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከዘመዶቿ በፊት ለርስዋ ንገሯት።