ሁለት ቀን ቀረን፤ ከዚያ በኋላስ?

(መጋቢት 22 ቀን 2010 ዓ.ም ሮቤ ላይ ቡና ተይዞ የተነገረ። ዳታ ስለተዘጋ በሜሞሪ ካርድ ፊንፊኔ ደርሶ ነው የተለጠፈው።)



ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማወራው። ኮማንድ ፖስቱ ስብሰባ ከልክሏል፤ እኛ ግን ስብሰባ ላይ አይደለንም፣ ቡና ላይ ነን። ብዙ ካወራሁ ጥፋቱ የቡናው ነው።

አቶ ኃይለማርያም የካቲት 8 መልቀቂያ ካስገቡ ዛሬ 44ኛ ቀናችን ነው። በመቁጠር ማንም አይበልጠንም። ዲግሪ ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር የቆመ ልጅ ቀን መቁጠር ያውቅበታል። ፓርላማው ግን ይቸገራል። የካቲት 23 አስቸኳይ ጊዜ አዋጁን የደገፉት መጀመሪያ 346 ናቸው ተባለ፣ ቆየት ብሎ 395 ሆኑ። የእኛ ማትሪክ እንዲህ ቢታረም ኖሮ ሁላችንም ሜዲሲን እንገባ ነበር!

እስቲ ወደ ኋላ እንይ። ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ወጡ። መንግሥቱ በአውሮፕላን ሄደ። መለስን ሞት ወሰዳቸው። በደብዳቤ የሚለቅ መሪ ስናይ የመጀመሪያችን ነው። ደብዳቤውን ማን አስጻፈው? እሱን እናንተ ታውቃላችሁ።

ለኦሮሞ ግን ሥልጣን በጊዜው መልቀቅ አዲስ ነገር አይደለም። በገዳ ሥርዓት በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል። መደ ወላቡ ሩቅ አይደለችም፤ ከብድሬ የመጣው ልጅ ይኸው አጠገባችሁ ተቀምጧል፣ ጠይቁት። ዩኔስኮ እንኳ በ2009 መዝግቦታል። አያቶቻችን “መቼ ይወርዳል?” ብለው አልተጨነቁም፤ የሚወርድበትን ጊዜ ገና ሲሾም ያውቁታል። ጭንቀቱ የመጣው ቀኑ ሲጠፋ ነው።

አሁን ቀን አግኝተናል። ማክሰኞ ለት የኢህአዴግ ምክር ቤት ዶ/ር አብይን ከ169 ድምፅ በ108 መርጧል። ነገ ሆሳዕና፣ ከነገ ወዲያ ሰኞ ቃለ መሐላ። ደስ ይበለን፣ ተገቢ ነው። ኦቦ ለማ የፌዴራል ፓርላማ አባል ስላልሆኑ የሊቀመንበሩን ወንበር ለጓደኛቸው መልቀቃቸውን አይተናል። በዚህ አገር ወንበር የሚለቅ ሰው እንደ ሰኔቲ ቀይ ቀበሮ ብርቅ ነው።

ግን ልብ በሉ። ቤቱ ያው ኢህአዴግ ነው፤ የተቀየረው ተከራዩ ነው። አዋጁ አልተነሳም። ባለፈው እሁድ እነ እስክንድር ነጋን፣ ከእስር በወጡ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፣ መልሰው አስረዋቸዋል። ሞያሌ ላይ ወገኖቻችን ተገድለው “በስህተት ነው” ተብሏል፤ ሺዎች ወደ ኬንያ ተሰደዋል። ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉት ገና በመጠለያ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሰኞ የሚመጣውን በሳቅ አይደለም የሚጠብቁት።

ስለዚህ እስከ ሰኞ ወደ ታች የቆጠርን፣ ከሰኞ ወደ ላይ እንቁጠር። አዋጁ በስንተኛው ቀን ተነሳ? እስረኛው በስንተኛው ቀን ተፈታ? ተፈናቃዩ መቼ ቤቱ ገባ? ዳታው መቼ ተከፈተ? ሥራስ? ሰውየው የእኛ ልጅ ነው ብለን ቆጠራውን ካቆምን፣ የታገልነው ለሥርዓት ሳይሆን ለስም ነበር ማለት ነው። የራስ ልጅ ነው የበለጠ የሚጠየቀው።

ሌላም አለ። ሰኞ ደስታችን የጎረቤት ስጋት እንዳይሆን። በሮቤና በጎባ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሁሉም ከእኛ ጋር አንድ ወፍጮ ቤት ተሰልፏል። ማንም በሩን ቆልፎ እንዲያድር አናድርግ።

ሲናና ያሉ ገበሬዎቻችንን ተመልከቱ። ጋና ሊዘራ ነው። ማንም ቢሾም እነሱ መሬቱን እያረሱ ነው፤ አሁን ያልዘራ ሐምሌ ላይ የሚያጭደው የለውም። እኛም እንደዚያው። ሰኞ እልል እንላለን፣ ማክሰኞ መጠየቅ እንጀምራለን።