ሰንጋ አሳዳጊ ልጆች

በአሜሪካ ገጠሮች በየካውንቲው፣ ማለትም ከክፍለ ግዛት በታች ባለው የአስተዳደር እርከን፣ የተቋቋሙ የከብት አርቢዎች ማኅበራት ስለ ግጦሽና ስለ ገበያ ከመምከር አልፈው ወጣቶችን ያግዛሉ። ለዚህም ብዙ ጊዜ ፎር ኤች ከተባለው፣ መነሻው በ1902 እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ውስጥ ከተጀመረ የታዳጊዎች ክበብ ከሆነው ድርጅት ጋር ይሠራሉ። ታዳጊው ጡት የጣለ የተኮላሸ ጥጃ ገዝቶ፣ በገመድ መመራትን አለማምዶ፣ የመኖውን ወጪና የክብደቱን ጭማሪ በመዝገብ እያሰፈረ ካደለበው በኋላ በካውንቲው ዐውደ ርዕይ ለዳኞች ያቀርበዋል፤ ቀጥሎም በጨረታ ይሸጠዋል። በጨረታው የአካባቢው ነጋዴዎች ልጆቹን ለማበረታታት ከገበያ ዋጋ በላይ መክፈላቸው የተለመደ ነው፤ ይህ ልግስና ግን፣ ደግነቱ ባይካድም፣ የእርባታን እውነተኛ ትርፍና ኪሳራ ስለሚሸፍን፣ ማኅበራቱ ከዋንጫው ይልቅ መዝገቡን አጥብቀው ቢመረምሩ ይበጃል።